አክሪንግተን ስታንሊ፦ በአንድ ደብዳቤ ከሊግ ወጥቶ በ44 ዓመቱ የተመለሰ ክለብ

ቀዩ ማሊያ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከዝውውር ወሬ ትንሽ እንረፍና ስለ አንድ ትንሽ ክለብ ላውራችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጃንዋሪ 2025 ላይ ሊቨርፑል በኤፍኤ ካፕ ሦስተኛ ዙር አክሪንግተን ስታንሊን 4 ለ 0 ሲያሸንፍ ሰፈር ኳስ ማሳያ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። ጆታ፣ አሌክሳንደር አርኖልድ፣ ዳንስና ኪዬዛ አገቡ። ጨዋታው ሲጀመር አጠገቤ የነበረ ልጅ «እነዚህ ደሞ እነማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም። እኔም ከስማቸው ሌላ የማውቀው አልነበረም። ማታ ቤት ገብቼ ማንበብ ጀመርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ከረምኩ። ዛሬ ለዚያ ልጅ ልመልስለት ነው።

አክሪንግተን በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ ላንክሻየር ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ነዋሪዋ 35 ሺህ አካባቢ ነው። ድሮ የምትታወቀው በጥጥ ፋብሪካ፣ በጥጥ መፍተያ ማሽንና በጠንካራ ቀይ ጡቧ ነበር። ሃዋርድ ኤንድ ቡሎ የሚባለው የማሽን ፋብሪካ በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ነበሩት። ቅዳሜ ከሥራ ሲወጡ ጉዞ ወደ ኳስ ሜዳ ነው።

ስታንሊ የሚለው ስም የመጣው ከአንድ ጎዳና ነው። በ1891 የስታንሊ ጎዳና ሰዎች ስታንሊ ቪላ ብለው ቡድን አቋቋሙ። ትንሽ ቆይተው የከተማዋን ስም ጨመሩበት። በ1919 ፒል ፓርክ የሚባለውን ሜዳ ያዙ። በ1921 የሰሜኑ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ሲጀመር እነሱም ገቡ።

ከዚያ በኋላ ለሠላሳ ዓመት ያህል ብዙ የሚወራ ነገር የለም። ደጉ ዘመን 1950ዎቹ ነው። ዋልተር ጋልብሬዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ አሰልጣኝ ተጫዋቾቹን ከአገሩ እየለቀመ አመጣ። በ1955 ሜዳ የገቡት አሥራ አንዱም ስኮትላንድ የተወለዱ የሆኑበት ቡድን ነበረው። እስቲ አስቡት፤ የእንግሊዝ ክለብ ነው፣ አንድም እንግሊዝ የተወለደ ተሰላፊ የለም። በ1955 ሁለተኛ ወጡ። በ1958ም ሁለተኛ። ያኔ ከሰሜኑ ምድብ የሚያድገው አንደኛው ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ደጃፉ ላይ ደርሰው ተመለሱ።

ከዚያ ነገር ተበላሸ። በ1958 የሰሜንና የደቡብ ምድብ ቀርቶ ሊጉ አገር አቀፍ ሆነ። ጉዞው ረዘመ፣ ወጪው ናረ። በዚያው ዓመት ክለቡ አልደርሾት ከተማ ለወታደራዊ ትርኢት ያገለግል የነበረ ጥላ ፎቅ በ1,450 ፓውንድ ገዛ። በዋጋው ተደስተው ነበር። ግን ያን ሁሉ ብረት ከደቡብ እንግሊዝ ነቅሎ ማምጣትና ፒል ፓርክ ላይ መትከል የግዢውን ብዙ እጥፍ በላ።

ጎረቤትም አለ። በርንሊ እዚያው አፍንጫቸው ሥር ነው። በ1960 የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። ብላክበርን በሌላው በኩል ነው። በዚያው ዓመት ለኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ደረሰ። ስታንሊስ? በዚያው 1960 ወደ አራተኛ ዲቪዚዮን ወረደ። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ የአውቶቡስ መንገድ ሻምፒዮን እያለልህ ወራጅ ቡድን ለማየት ዝናብ ላይ መቆም ትልቅ ፍቅር ይጠይቃል። ብዙው ሰው አልቻለም።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1962 ፒል ፓርክ ላይ በሮችዴል 2 ለ 0 ተሸነፉ። የገባው ተመልካች ሦስት ሺህ አይሞላም። ማርች 2 ክሩ ወደምትባል ከተማ ሄደው በክሩ አሌክሳንድራ 4 ለ 0 ተሸነፉ። ያ የመጨረሻቸው ሆነ።

ዕዳው ወደ 60 ሺህ ፓውንድ ደርሶ ነበር። የበርንሊው ሊቀ መንበር ቦብ ሎርድ እንዲያግዝ ተጠርቶ መጣና ሂሳቡን ሲያይ አይሆንም አለ። ማርች 5 ክለቡ ከሊጉ መውጣቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ለሊጉ ጸሐፊ ለአለን ሃርዳከር ተላከ። ደብዳቤው ከሄደ በኋላ ገንዘብ እናዋጣለን የሚሉ ሰዎች ብቅ አሉ። የክለቡ ሳም ፒልኪንግተን ሁለተኛ ደብዳቤ ጻፈ፤ የመጀመሪያውን ሰርዙልን የሚል። ማርች 11 መልስ መጣ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ይጸናል ተባለ። በዚያ ዓመት የተጫወቷቸው 33 ጨዋታዎች ከሠንጠረዡ ተፋቁ። በቦታቸው ኦክስፎርድ ዩናይትድ ገባ።

ይቺን ኦክስፎርድ የምትለዋን ስም ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የዕዳው መብዛት አይደለም። የከተማው ሰው ሳይጠየቅ በጥቂት ሰዎች ስብሰባ ማለቁ ነው። ቅዳሜ ኳስ አለ ብሎ ያደረ ሰው ኳስ የለም ተባለ። በቃ።

---

ሚስማር ተራ

ወንድሜ ልብ ይነካል። አንድ ጥያቄ አለኝ። 33 ጨዋታ ተፋቀ ማለት በእነዚያ ጨዋታዎች ጎል ያገባው ተጫዋች ጎሉ ቀረ ማለት ነው? ያሸነፉትስ?

---

ቀዩ ማሊያ

ሚስማር ተራ፣ ከሠንጠረዡ አንጻር አዎ። ያሸነፉትም የተሸነፉትም እንዳልነበረ ተቆጠረ። እነሱን ያሸነፉ ክለቦችም ነጥባቸውን አጡ። ዓመቱ ሲያልቅ አራተኛ ዲቪዚዮን ላይ የቀሩት 23 ክለቦች ብቻ ነበሩ። ጨዋታውን በዓይኑ ያየ ሰው ግን ከጭንቅላቱ ማን ይፍቅበታል?

---

የድሮ ሊግ

ጥሩ ጽሑፍ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። በ1888 የእንግሊዝ ሊግን ከመሠረቱት 12 ክለቦች አንዱ «አክሪንግተን» ይባላል። ስለዚህ ስታንሊን መሥራች አድርገው የሚጽፉ አሉ። አይደለም። ያ ሌላ ክለብ ነው።

የድሮው አክሪንግተን ቶርኒሆልም ሮድ ላይ በክሪኬት ክለቡ ሜዳ ነበር የሚጫወተው። ከኤቨርተን፣ ከአስቶን ቪላ፣ ከፕሬስተን ጋር እኩል ሊግ የመሠረተ ክለብ ነው። በ1893 ላለመውረድ ከሼፊልድ ዩናይትድ ጋር የመለያ ጨዋታ አደረገ። 1 ለ 0 ተሸነፈ። ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወርዶ ከመጫወት ከሊጉ መውጣትን መረጠ። በ1896 ጨርሶ ፈረሰ። ከአሥራ ሁለቱ መሥራቾች ዛሬ የሌለው እሱ ብቻ ነው።

ስታንሊ የአክሪንግተንን ስም የወሰደው ያኛው ሲዳከም ነው። እንግዲህ አስተውሉ። የዚህች ከተማ ስም ሁለት ጊዜ ከሊጉ ወጥቷል። ሁለቱንም ጊዜ ማንም አላባረራትም። ራሷ ነች የወጣችው። ይህን ሳስብ ሁሌ ይገርመኛል።

---

ሒሳብ ሹሙ

በአንድ ነገር አልስማማም፤ በአክብሮት ነው የምናገረው። ሥራዬ የሂሳብ መዝገብ ነውና ነገሩን በዚያ ዓይን ነው የማየው። ክለቡን የገደለው ደብዳቤው አይደለም። ደብዳቤው የሞት የምስክር ወረቀት ነው። ሰውየው የሞተው ቀደም ብሎ ነው።

የጥላ ፎቁን ግዢ ተመልከቱት። ዋጋው 1,450 ፓውንድ ነው። ማጓጓዣውን፣ መትከያውን፣ መሠረቱን ማን ደመረ? ማንም። ይህ ዛሬም የምናየው ስህተት ነው። ሰው የዕቃውን ዋጋ ይጠይቃል፤ ዕቃው ቦታው ላይ ቆሞ እስኪያገለግል የሚያወጣውን አይጠይቅም። ደግሞ ያኔ ተመልካቹ እየቀነሰ ነበር። ባዶ ለሚሆን ሜዳ ተጨማሪ መቀመጫ ተገዛ ማለት ነው።

ቦብ ሎርድን ብዙ ሰው ይረግመዋል። እኔ ግን መዝገቡን አይቶ የታየውን የተናገረ ይመስለኛል።

---

ቀዩ ማሊያ

ሒሳብ ሹሙ፣ ስለ ጥላ ፎቁ ያልከው ልክ ነው። እጅ እነሣለሁ። ስለ ደብዳቤው ግን አልለቅም። ሁለተኛው ደብዳቤ ሲጻፍ ገና ቀናት ብቻ ናቸው ያለፉት። ውድድሩ ገና ሁለት ወር ይቀረዋል። ያን ዓመት ጨርሰው ቢወጡ ምን ይጎድል ነበር? ቢያንስ ሰው አንዴ ሜዳ ገብቶ ይሰናበት ነበር። የሮችዴሉን ጨዋታ ያዩት ሰዎች ፒል ፓርክ ላይ የመጨረሻው የሊግ ጨዋታ መሆኑን አላወቁም።

ደሞ የበርንሊ ሊቀ መንበር የጎረቤቱ ክለብ ላይ መፍረዱ ለአክሪንግተን ሰው አልተዋጠለትም። እኔም እነሱን ብሆን አይዋጥልኝም።

አሁን ቀሪውን ልንገራችሁ።

ከሊጉ ከወጡ በኋላ ላንክሻየር ኮምቢኔሽን በሚባል የአካባቢ ውድድር ቀጠሉ። አልቻሉም። በ1966 ክለቡ ተዘጋ። ፒል ፓርክ ባዶውን ቀረ።

በ1968 የከተማው ሰዎች ቦልድ ስትሪት ላይ ባለ የሠራተኞች ክበብ ተሰበሰቡ። ስታንሊን እንደገና እናቋቁም አሉ። ሜዳ የላቸውም፤ ተጫዋች የላቸውም፤ ገንዘብ የላቸውም። ያላቸው ስሙ ነው። ኳስ ለመጫወት ራሱ ሁለት ዓመት ፈጀባቸው። በ1970 ክራውን ግራውንድ በሚባል ሌላ ሜዳ ጀመሩ። ከታች፣ እንደገና፣ ከዚያው ከላንክሻየር ኮምቢኔሽን።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም የእግር መንገድ ነው። ከአንዱ የአካባቢ ሊግ ወደ ሌላው፣ አንድ ደረጃ ወጥተው አንድ ደረጃ ወርደው። ሰው ረሳቸው። በ1980ዎቹ መጨረሻ የእንግሊዝ የወተት ገበያ ድርጅት የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሠራ። ሁለት የሊቨርፑል ልጆች ናቸው። አንዱ ወተት ይጠጣል። የሊቨርፑሉ አጥቂ ኢያን ረሽ ወተት ካልጠጣህ ለአክሪንግተን ስታንሊ እንጂ ለሌላ አትበቃም ብሎኛል ይላል። ሌላኛው እነሱ ደሞ እነማን ናቸው ይላል። ያኛውም «አየህ!» ዓይነት መልስ ይሰጠዋል።

ይህን ሳነብ ክው ነው ያልኩት። ኳስ ማሳያ ቤት አጠገቤ የነበረው ልጅ የጠየቀው ቃል በቃል ያንኑ ነው። ማስታወቂያውን አይቶት አያውቅም፤ ገና አልተወለደም ነበር።

በ1995 ኤሪክ ዋሊ የሚባል የቀድሞ ተጫዋች ክለቡን ያዘ። በ1997 ብሬት ኦርሜሮድ የሚባል አጥቂ ለብላክፑል በ50 ሺህ ፓውንድ ሸጡ። ውሉ ላይ ግን አንድ መስመር አስገቡ። ብላክፑል ሲሸጠው ሩቡ የእኛ ነው የሚል። በ2001 ሳውዝሃምፕተን በ1.75 ሚሊዮን ፓውንድ ገዛው። ሒሳብ ሹሙ፣ ይቺን መስመር ትወዳታለህ። በ1958 መትከያውን ሳይደምር የገዛ ክለብ ከአርባ ዓመት በኋላ ውል ማንበብ ተምሮ ነበር።

በ1999 ጆን ኮልማን አሰልጣኝ ሆኖ መጣ። ከምክትሉ ከጂሚ ቤል ጋር። በ2000 አደጉ። በ2003 ደግሞ ከእንግሊዝ ሊግ አንድ ደረጃ ዝቅ ወዳለው ውድድር፣ ወደ ኮንፈረንስ አደጉ። በ2006 ኮንፈረንሱን በአንደኝነት ጨርሰው ወደ እንግሊዝ ሊግ ተመለሱ። ከወጡ 44 ዓመት ሆኗቸው ነበር።

አሁን ኦክስፎርድ። በ1962 ቦታቸውን የወሰደው ኦክስፎርድ ዩናይትድ በዚያ መሀል የያኔው ከፍተኛ ሊግ፣ አንደኛ ዲቪዚዮን ደርሷል፤ በ1986 የሊግ ካፕ ዋንጫ ወስዷል። በ2006 ግን ከሊጉ ወረደ። በየትኛው ዓመት? አክሪንግተን በገባበት በዚያው ዓመት። አንዱ በበሩ ሲገባ ሌላው በዚያው በር ወጣ።

ይህን ድርሰት ጸሐፊ ቢጽፈው አላምነውም ነበር።

---

ጥግ ያዥ

ኧረ በሕግ! ኦክስፎርድ? በእውነት? ቆይ ላጣራ።

---

ጥግ ያዥ

አጣራሁ። እውነት ነው። እጄ ላይ ፀጉሬ ቆመ።

---

የድሮ ሊግ

ለኦክስፎርድም ፍትሐዊ እንሁን። እነሱ ማንንም አልገፉም፤ ቦታ ተከፈተ፣ ተመረጡ። በ2010 በመለያ ጨዋታ ዮርክ ሲቲን 3 ለ 1 አሸንፈው ተመልሰዋል። ከዚያ ሁለቱ ክለቦች አንድ ሊግ ውስጥ ተገናኙ። በ2024 ደግሞ ዌምብሌ ላይ ቦልተንን 2 ለ 0 አሸንፈው ወደ ሁለተኛው የሊግ ደረጃ፣ ወደ ቻምፒዮንሺፕ አደጉ። ታች ወርዶ መመለስን የሚያውቁ ደጋፊዎች ናቸው፤ ከአክሪንግተን ሰው ጋር ቢቀመጡ ብዙ የሚያወሩት ይኖራቸዋል።

---

ሳባ ከማንችስተር

ሰላም ለቤቱ። ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን መጻፍ አለብኝ፤ ምክንያቱም እዚያ ሜዳ ገብቻለሁ።

ማንችስተር ነው የምኖረው። እዚህ ያለው ሐበሻ ግማሹ ቀይ ግማሹ ሰማያዊ ነው። የትልቆቹን ትኬት ለመግዛት ግን አቅምም ዕድልም ይጠይቃል። አንድ ቅዳሜ አብራኝ የምትሠራ ልጅ ለምን አክሪንግተን አንሄድም አለችኝ። ከማንችስተር ቪክቶሪያ ቀጥታ ባቡር አለ። በቶድሞርደንና በበርንሊ በኩል ያልፋል። ዳር ዳሩ ኮረብታ፣ በድንጋይ የተሠሩ ጥቁር ጥቁር ቤቶች፣ በጎች። ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል።

ሜዳው የመኖሪያ ሰፈር መሀል ነው። በር ላይ ትኬት የሚቆርጡት ሰዎች ስምሽን ካወቁ በስምሽ ይጠሩሻል። አምስት ሺህ ሰው ገደማ ነው የሚይዘው። እኛ የቆምነው ከጎሉ ጀርባ ነው። ክሌይተን ኤንድ ይሉታል። ወንበር የለውም፤ የሲሚንቶ ደረጃ ላይ ቆመሽ ነው የምታይው። አዲስ አበባ ስታዲየም ካታንጋ የገባ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ጩኸቱ፣ ዘፈኑ፣ ለዳኛው የሚወርደው ምክር፣ ሁሉም ያው ነው። ብርዱ ብቻ ይለያል።

ከእኔ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር። ቀይና ነጭ ሹራብ አንገታቸው ላይ፣ እጃቸው ላይ ፔርሙዝ። ዕረፍት ላይ ሻይ ቀዱና የፔርሙዙን ክዳን ለእኔ ሰጡኝ። እሳቸው ሳይጠጡ ማለት ነው። ከየት ነሽ አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ስንት ዓመት ነው የሚደግፉት ብዬ ጠየቅኩ። ልጅ ሆነው አባታቸው ፒል ፓርክ ይዘዋቸው ይሄዱ እንደነበር ነገሩኝ። ከዚያ ክለቡ ሲዘጋስ ማንን ደገፉ አልኳቸው፤ በርንሊን ወይስ ብላክበርንን? እንደዚህ ቀና ብለው አዩኝና ማንንም አሉኝ። አንዲት ቃል። ከዚያ ሁለተኛው አጋማሽ ጀመረ፤ ዞር አሉ።

ያኔ ታሪኩን አላውቀውም ነበር። «ማንንም» ያሉት ስንት ዓመት እንደሆነ አሁን ቀዩ ማሊያ የጻፈውን ሳነብ ቆጠርኩት። ክለብ ጨርሶ ያልነበረበት ጊዜ ብቻ ከአራት ዓመት ይበልጣል። ከሊግ ውጪ የነበረው 44። አለቀስኩ ልበላችሁ።

ሁለተኛ ቀን ስሄድ ፒል ፓርክን ልየው ብዬ ዞርኩ። ሣር ሜዳ ነው። አጠገቡ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ። ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ከአልደርሾት የመጣው ጥላ ፎቅ፣ ምልክቱም የለም።

---

ሚስማር ተራ

ሳባ እህቴ፣ ያ የፔርሙዝ ክዳን ነገር። እግዜር ይስጣቸው።

---

ጊግ ሌን

ስሜን ስታዩ የበሪ ሰው መሆኔን ታውቃላችሁ፤ ጊግ ሌን የበሪ ሜዳ ነው። ማለቴ የበሪ ክለብ ወዳጅ ነኝ። ከአክሪንግተን ሩቅ አይደለም። የእኛንም ታሪክ እዚህ ላስቀምጠው፤ ዘመዳሞች ናቸው።

በሪ በ1885 ተመሠረተ። ኤፍኤ ካፕን ሁለት ጊዜ ወስዷል፤ በ1900 እና በ1903። በ1903 ፍጻሜ ደርቢ ካውንቲን 6 ለ 0 አሸነፈ። ይህን የፍጻሜ ውጤት ማንችስተር ሲቲ በ2019 ዋትፎርድን 6 ለ 0 እስኪያሸንፍ ድረስ የደረሰበት አልነበረም። እና ያው ራሱ 2019 በሪ ከሊጉ የተባረረበት ዓመት ነው።

ዲሴምበር 2018 ላይ ክለቡ ለአዲስ ባለቤት በ1 ፓውንድ ተሸጠ። አዎ፣ አንድ ፓውንድ። ኤፕሪል 2019 መጨረሻ ላይ ቡድኑ ወደ ሦስተኛው የሊግ ደረጃ፣ ወደ ሊግ ዋን አደገ። ተጫዋቾቹ ደሞዝ በወቅቱ ሳያገኙ ነው ያሳደጉት። ኦገስት ላይ ሊጉ ገንዘባችሁን አሳዩ ብሎ ቀነ ገደብ ሰጠ። ገዢ ተገኘ ተባለ። ደጋፊው መጥረጊያና ባልዲ ይዞ ጊግ ሌን ገባ። አሮጊቶች ወንበር ይወለውላሉ፤ ልጆች ሣር ይነቅላሉ፤ አንዱ በር ይቀባል። ቅዳሜ ኳስ አለ ብለው ነው። በነጋታው ገዢው ራሱን አገለለ። ኦገስት 27 ማታ ክለቡ ከሊጉ ወጣ።

እኔ ያን ማታ ስልኬን ይዤ ቁጭ ብዬ ነበር። የተጸዳው ወንበር ነው ከዓይኔ የማይጠፋው።

ደጋፊው ግን አልተበተነም። በዚያው ዓመት መጨረሻ በሪ ኤኤፍሲ የሚል ቡድን አቋቁሞ በ2020 ራድክሊፍ ከተማ በሰው ሜዳ መጫወት ጀመረ። በ2023 ጊግ ሌን ተመልሶ ኳስ ተጫውቶበታል። ታች ነው ያለነው፤ መንገዱ ረጅም ነው። አክሪንግተንን የምናየው እንደ ታላቅ ወንድም ነው።

---

ሒሳብ ሹሙ

ጊግ ሌን፣ ያንተ ታሪክ የእኔን ክርክር ያጠናክረዋል፤ ያዳክመዋልም። ያጠናክረዋል፦ ገንዘቡ ሳይኖር ሜዳ ላይ ማሸነፍ ክለብ አያድንም። ያዳክመዋል፦ ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላም የደጋፊው ድምፅ የሚሰማው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው። ቀዩ ማሊያ የሚለው ይሄ ከሆነ እቀበላለሁ።

ስለ አሁኑ አክሪንግተን ደግሞ ልናገር፤ እዚህ ላይ የማከብረው ሰው አለ። አንዲ ሆልት ይባላል። የቤት ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ የሚያመርት ድርጅት አለው። ስታዲየሙ ላይ የምታዩት ዋም የሚለው ስም የዚያ ድርጅት የዕቃ መለያ ነው። ክለቡን በ2015 ገዛ። የክለቡን ገቢና ወጪ ለደጋፊው በግልጽ ይናገራል፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ሳይቀር። ስንት እንደገባ፣ ስንት እንደጎደለ። የእግር ኳስ ባለቤት እንዲህ ሲያደርግ ብዙ አላየሁም። ለአካባቢው ትንንሽ ተማሪዎችም ማሊያ በነፃ ያድላል። ከዛሬ ሃያ ዓመት በኋላ ተመልካች ማለት እነዚያ ልጆች ናቸው።

በ2018 አራተኛውን የሊግ ደረጃ፣ ሊግ ቱን በአንደኝነት ጨረሱ። በጀታቸው ከሊጉ ትንንሾቹ አንዱ ነበር። ዬቪልን 2 ለ 0 ባሸነፉበት ማታ ነው ማደጋቸውን ያረጋገጡት፤ ሁለቱንም ያገባው ቢሊ ኪ ነው። ሊግ ዋን ላይ አምስት ዓመት ቆይተው በ2023 ወረዱ። ለዚያ መጠን ክለብ አምስት ዓመት ትልቅ ነገር ነው።

በ2020 የታችኞቹ ሊግ ክለቦች የደሞዝ ጣሪያ አጽድቀው ነበር፤ ለሊግ ቱ 1.5 ሚሊዮን፣ ለሊግ ዋን 2.5 ሚሊዮን ፓውንድ። በወራት ውስጥ በተጫዋቾች ማኅበር ክስ ተሻረ። ማኅበሩ የአባላቱን ጥቅም ማስከበሩ ሥራው ነው። እኔ ግን በመሻሩ አዝኛለሁ፤ እንደ አክሪንግተን ላለ ክለብ ያ ጣሪያ ከለላ ነበር።

---

ጥግ ያዥ

ኮልማንስ አሁን የት ነው?

---

ቀዩ ማሊያ

ኮልማን በ2012 ወደ ሮችዴል ሄደ። በ2014 ተመለሰ። በ2018 ያሳደጋቸውም እሱ ነው። ማርች 2024 ላይ ተሰናበተ። ሁለቱን ቆይታዎቹን ብንደምር ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ይሆናል። ከእሱ ቀጥሎ ጆን ዱላን ያዘ፤ አንፊልድ ላይ ያየነው የእሱ ቡድን ነው።

ሒሳብ ሹሙ፣ «ያጠናክረዋል፤ ያዳክመዋልም» ያልከውን ወድጄዋለሁ። ለክርክርህ አመሰግናለሁ። ከልብ ነው።

ሳባ፣ አንቺ የጻፍሽውን ለዚያ ልጅ አነበብኩለት። ሰፈር ጎማ ቤት ነው የሚሠራው። ከጎማ ቤቱ በር ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ነው ያነበብኩለት። ሽማግሌው «ማንንም» ያሉበት ጋ ስደርስ ድገመው አለኝ። ደገምኩለት። አሁን ሰኞ ሰኞ ሲያገኘኝ የአርሰናልን ውጤት አይጠይቀኝም፤ ስታንሊ ስንት ወጣ ነው የሚለው። አንድ ነገር ልለምንሽ እፈልጋለሁ፤ ካስቸገርኩሽ ተይው። ሜዳው ጋ ያለው ሱቅ የልጅ ማሊያ አለው?

---

ሳባ ከማንችስተር

ምን ያስቸግረኛል፤ አለው እንጂ። ለፋሲካ አዲስ አበባ የምትመጣ ጓደኛ አለችኝ፣ እሷ ትይዝልኛለች። ልጁ ስንት ዓመቱ ነው? ቁመቱን ለካልኝና በውስጥ መስመር ላክልኝ፤ የእንግሊዝ ልክ ትንሽ ይሰፋል። የቀዩን ነው አይደል?